ጋሽ መርሻ በጎኑ ያቆሙት መስክ

ባለፈው ኅዳር አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ የማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሊዘጋጋ ሲል ቲማቲምና ድንብላል ገዝቼ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ባቡሩ ስጣደፍ፣ አንድ ጎረምሳ በተዘጋ ሱቅ የብረት መዝጊያ ላይ የሴት ፊት ሲስል ደረስኩ። ሥዕሉን ልብ ብዬ አላየሁትም። ብሩሹን ቆርቆሮ ውስጥ ነክሮ ሲያሽ ግን ሽታው መጣና እግሬን ያዘው። አኳራጅ ነበር። ቀለም የሚቀጥንበት፣ አፍንጫን ቆንጥጦ ወደ ግንባር የሚወጣው ያ ጠረን፤ ከሥሩ ደግሞ የተልባ ዘይት የሚመስል ወፈር ያለ ነገር ነበረበት። ፌስታሌን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ጎረምሳው ዞር ብሎ በዕብራይስጥ “ደህና ነሽ?” አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ባቡሩ አመለጠኝ፤ ቀጥሎ የመጣውንም ዝም ብዬ አሳለፍኩት።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ነበር። አባቴ የአንድ ግቢ በር ጠባቂ ስለነበር ከበሩ አጠገብ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው ያደግሁት። መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የጥድ ጫፍ፣ ከጥዱ በላይ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጉልላት። በበጋ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ማታ ይተፋዋል። በብርዱ ወራት ደግሞ ግድግዳው ያልበዋል፤ ፍራሽ፣ መጽሐፍ፣ የትምህርት ቤት ካልሲ ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ ይላል። የምናውቀው ቀለም የድንጋይ ቀለም ነበር።

ጋሽ መርሻ የሚኖሩት ከእኛ ቤት ጀርባ፣ ጥዱ ሥር ባለችው አንዲት ክፍል ነው። መነኩሴም ካህንም አልነበሩም። ሰዉ ሁሉ “ሠዓሊው” ይላቸዋል። የደበዘዘ ቅዱስ ሥዕል ያድሳሉ፣ የመቅረዝ ቅብ ይቀባሉ፣ ሥራ ሲጠፋ የግቢውን በርና መስኮት ሳይቀር ቀለም ያስነካሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነበሩ። ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ የሱፍ ጃኬት ነበራቸው፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አያወልቁትም። ሻይ በወተት ይጠጣሉ። እናቴ “የፈረንጅ ልማድ ነው” እያለች ትስቅባቸው ነበር፤ ወተት ግን አትነፍጋቸውም።

ክፍላቸው ውስጥ የብረት አልጋ፣ የነጭ ጋዝ ማሞቂያ፣ ከገበያ የመጣ የብርቱካን ሣጥን ተገልብጦ የተሠራ መደርደሪያ ነበር። ብሩሾቹ በሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። አኳራጁና የተልባው ዘይት ከነጭ ጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ሰው ገና ደረጃው ላይ ሳለ ይቀበለዋል። ከአልጋው በላይ ግን፣ ግድግዳውን ሊሞላ ምንም ያልቀረው አንድ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ልንማር ስንሄድ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሰፊ መስክ ነው። አረንጓዴው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቅርብ ያለው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ራቅ ያለው ይጠቁራል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ወንዝ ከዛፎች ሥር ይገባና ተጣጥፎ ይሄዳል። አንድ ወርካ የሚያህል ዛፍ አለ። በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ማሳ፣ ቀያይ ላሞች፣ ከሩቅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግንብ እንደ ጥፍር ብቅ ብሎ ይታያል። ከግማሽ በላዩን የያዘው ሰማዩ ነው። ደመናው ከላይ ነጭ፣ ከሆዱ ግራጫ ነው።

“ይሄ ጎንደር ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው በመጀመሪያው ቀን። እናቴ ስለ ጎንደር አረንጓዴነት ስታወራ እሰማ ነበር እንጂ እኔ ከኢየሩሳሌም ወጥቼ አላውቅም።

“አይደለም ልጄ፤ የእንግሊዝ ገጠር ነው።”

“ማን ሳለው?”

“እኔ ነኛ። ተማሪ ሆኜ። በዘይት ቀለም ደጅ ወጥቼ ስስል የመጀመሪያዬ ነው፤ እይው፣ ዛፉ ላይ ቀለም አብዝቻለሁ።”

እውነትም ዛፉ ላይ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ጎርበጥ ይል ነበር። “ዝናቡ ሊመጣ ነው ወይስ ሄዷል?” አልኳቸው ደመናውን እያሳየሁ። ከት ብለው ሳቁ። “እዚያ አገር ሁልጊዜ ሁለቱም ነው” አሉኝ።

ያ ዘመን አውቶቡስ በቦምብ የሚፈነዳበት ዘመን ነበር። አውቶቡሶቹ የሚያልፉበት ያፎ መንገድ ከእኛ ቅርብ ነው። አንዳንዴ መጀመሪያ መስኮቱ ይነዝራል፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ የአምቡላንሱ ጩኸት ከየአቅጣጫው ይመጣል። እንዲህ በሆነ ቅዳሜ ጋሽ መርሻ ተነስተው መስኮቱን ይዘጉና ወደ ሥዕሉ ያዞሩናል። “ያቺ ወደ አጥሩ የተጠጋችው ላም ወዴት ልትሄድ ነው?” ይላሉ። አንዱ ልጅ ውኃ ልትጠጣ ነው ይላል፤ ሌላው ጥጃዋን ፍለጋ ነው ይላል። እኔ አንድ ጊዜ “ፈርታ ነው” ብዬ አለቀስኩ። ጭንቅላቴን ዳበሱኝና “እዚያ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ እኮ” አሉኝ። አመንኳቸው። ትምህርት ቤት ስሄድ በአውቶቡስ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ በዚያ ወንዝ ዳር እሄድ ነበር። ሥዕሉን እንደ ቤቴ አውቀው ነበር ማለት እችላለሁ።

አንድ ነገር ግን ይረብሸኝ ነበር። በግራ በኩል የታችኛው ጥግ አልተሳለም። ሸራው ከነነጭ ልባሱ ተገልጦ ይታያል፤ ሣሩ እዚያ ሲደርስ በደረቅ ብሩሽ ተጎትቶ ይቆማል። አንድ ቀን ሌሎቹ ልጆች ሄደው እኔ ብሩሽ ሳጥብ ጠየቅኋቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ። አይነግሩኝም ብዬ ነበር።

“የምኖረው አንዲት ገበሬ ሴት ቤት ነበር” አሉ። “ባሏ የሞተባት፣ ደግ ሴት። ያን ቀን ጠዋት ሸራዬን መስኩ ላይ ተክዬ ስስል በዚያ በኩል መጣች። ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ሰው ደግ ወሬ ይዞ ሲመጣ ከሩቅ ይጣራል፤ እሷ ዝም ብላ ነው የመጣችው። ስልክ ይጠብቅሃል አለችኝ። ታላቅ ወንድሜን አዲስ አበባ ከቤቱ ወስደውት ነበር። አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ነው። ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም።”

እጄን ከውኃው አላወጣሁም።

“እሷ የመጣችበትን ቦታ ነው ያልሳልኩት” አሉኝ።

ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም፤ እንግሊዝም የመኖሪያ ወረቀታቸው አለቀ። ለትንሣኤ ተሳላሚ ሆነው ኢየሩሳሌም መጡና ቀሩ። ፓስፖርታቸው የድሮው መንግሥት ስለነበር ካረጀ በኋላ አላደሱትም። “ታዲያ ጥጉን ለምን እዚህ አይጨርሱትም?” ስላቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። “የዚህ አገር ብርሃን ነጭ ነው። ከዚህ ሆኜ ብነካው አረንጓዴው ይዋሻል። ወረቀቴ ሲስተካከል ሄጄ እዚያው ቆሜ ነው የምጨርሰው።” ይህን ሲሉ እንደ ሕልም አልነበረም፤ ሰው ነገ ገበያ እሄዳለሁ እንደሚለው ነበር።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ወረቀቱ እውነትም ተስተካከለ። ከሚስራድ ወደ ሚስራድ፣ ከአንዱ የመንግሥት ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሲመላለሱ ኖረው የጉዞ ሰነድ እጃቸው ገባ። ግቢው ሁሉ ደስ አለው። ሥዕሉን ጠቅልለው ሊወስዱት ስለነበር እናቴ ከአቡጀዴ ረጅም ከረጢት ሰፋችላቸው። እሳቸው ጸጉራቸውን ተቆረጡ፤ አዲስ የአረንጓዴ ቀለም ቱቦ ገዝተው ክዳኑን ሳይከፍቱ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። የእንግሊዝ ቪዛ ለመጠየቅ ቴል አቪቭ ሄዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለመልሱ ሲጠሯቸው ጃኬታቸውን ቦርሸው ነው የሄዱት።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በሩ ላይ ከአባቴ ጋር ተቀምጬ ነበር።

“እንዴት ሆነ ጋሼ?” አለ አባቴ እየተነሳ።

“አይሆንም አሉ።”

“ምክንያቱስ?”

“ተመልሼ ስለ መምጣቴ ማረጋገጫ የለም አሉኝ።” ትንሽ አሰቡና “እኔም የለኝም አልኳቸው” ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አላስተማሩንም። በተከታዩም አላስተማሩንም። በጥር ዝናቡ ሲበረታ ከግቢያችን ወጣ ብሎ ያለች አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ጣሪያዋ አፈሰሰና ምስለ ፍቁር ወልዳው፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል፣ ውኃ ገብቶበት ተላጠ። የጸሎት ቤቷ መጋቢ መጥተው በሩ ላይ ጋሽ መርሻን አነጋገሯቸው። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት እንዲደርስ አዲስ እንዲሠሩላቸው፣ ሸራውን ከቴል አቪቭ እንደሚያስመጡ ነገሯቸው።

“ሸራ አለኝ አባታችን” አሉ ጋሽ መርሻ። “አታስመጡ።”

ምን ዓይነት ሸራ እንዳላቸው ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም። በነጋታው ጠዋት ወተት እንዳደርስላቸው እናቴ ላከችኝ። ገባሁ። ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነበር። ሥዕሉ ከፍሬሙ ወጥቶ በማቆሚያው ላይ ነበር፤ ግን በጎኑ ቆሟል። ሰማዩ በአንድ ወገን፣ ሣሩ በሌላ ወገን። ላሞቹ ግድግዳ የሚወጡ ይመስላሉ። ወንዙ ከላይ ወደ ታች እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። እሳቸው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው ነጭ ቀለም በስፓቱላ ያሻሉ።

“ጋሽ መርሻ፣ ተገልብጦብዎታል” አልኳቸው።

“አውቃለሁ። እመቤታችን ቁመት ትፈልጋለች።”

ሲገባኝ ወተቱን መሬት አስቀመጥኩ። “ሸራ ይመጣል ብለዋል እኮ አባታችን!”

“ይመጣ ነበር።”

“ታዲያ?”

ከሰማዩ ጀመሩ። ሰፊውን ብሩሽ ነክረው ደመናው ሆድ ላይ ሲያሳርፉት ነጩ ከነጭ ጋር ተዋሃደ፤ መጀመሪያ ምንም የጠፋ አልመሰለም። ከዚያ ግንቡ ሄደ። ከዚያ ሰማያዊው ጫፍ። እጅጌያቸውን ይዤ “እባክዎ ዛፉን ይተዉት፣ ዛፉን ብቻ” አልኳቸው። ቀስ አድርገው እጄን አላቀቁ። “ዛፍ ብቻውን ምን ይሠራል ልጄ?” አሉኝ።

ሮጬ አባቴን ጠራሁት። መጣና በሩ ላይ ቆመ። ግማሹ ነጭ የሆነውን ሸራ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። “ጋሼ፣ ይህን ለእመቤታችን ነው የሚሰጡት?” አለ።

“ለእሷ ነው።”

አባቴ ተጠግቶ ትከሻቸውን ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። “በሕይወትዎ ያለዎትን ነው የሰጡት” ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ወሬ ይኸው ሆነ። ሠዓሊው የወጣትነት ሥራውን ለኪዳነ ምሕረት ሰጠ፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

እኔ ግን አልወጣሁም ነበር። የቀረው ትንሽ ሣርና ያ ያልተሳለው ጥግ ብቻ ነበር። ጋሽ መርሻ ብሩሹን ይዘው ቆም አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

“ስንት ዘመን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ያቺ ገበሬ ሴት በዚህ ጥግ ስትመጣ ነው። ሄጄ ብጨርሰው ትቆምልኝ ነበር። አሁን አትቆምም።” ከዚያ ጥጉን ቀቡት።

በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሥዕሉ ወጣ። ቆንጆ ነበር። የእመቤታችን ፊት እንደ ሌሎቹ ሥዕሎች ቀጥ ብሎ ወደ ሰው አያይም፤ ወደ ጎን፣ አንድ የሚመጣ ነገር የሰማች ይመስል ትንሽ ዘወር ብላለች። እልልታው ቀለጠ፤ መጋቢው አመሰገኑ፤ እናቴ አለቀሰች። ጋሽ መርሻ ወደ ውስጥ አልገቡም። ካፊያው እየመታቸው አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

ሰላም ያገኛሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ያገኙ የመሰለባቸው ጊዜም ነበር፤ ቅዳሜ ማስተማሩን ቀጠሉ፤ ሻያቸውን በወተት ጠጡ። ግድግዳው ላይ ግን ሥዕሉ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ቀረ፤ ማንም ሰው ምንም አልሰቀለበትም። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

“ነይ እስቲ። ወንዙ በየት በኩል ነበር የሚገባው?”

“በቀኝ ነዋ” አልኳቸው።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ከዛፎቹ ሥር፣ በቀኝ።”

አንገታቸውን ነቀነቁና ሄዱ። በማግሥቱ የካርቶን ክዳን ላይ በከሰል ስለውት መጡ። ወንዙ በግራ ነበር። ስህተት ነው ስላቸው ያን ያህል ዘመን ሰምቼው የማላውቀው ቁጣ መጣባቸው። “የሳልኩት እኔ ነኝ!” አሉኝ። እኔም “በየቀኑ ያየሁት እኔ ነኝ! በጎኑ ሲያቆሙት እንኳ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚወርደው” አልኳቸው። “እሱማ የሚወሰነው ሸራውን ወደየት በማዞሬ ነው” አሉ፤ ከዚያ ወዴት እንዳዞሩት ለማስታወስ ሲሞክሩ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። እጃቸውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አዞሩ። ሰማዩ በየት ወገን እንደነበር እኔም በትክክል አልመጣልኝ አለ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተወንም። ካርቶን በካርቶን ላይ ተከመረ። እናቴ አዘነችላቸው። “አሮጌ ሰው ናቸው፤ የሚሉሽን እሺ በያቸው” አለችኝ። እኔም አንድ ቀን ደክሞኝ “አዎ፣ ልክ ነዎት፣ በግራ ነበር” አልኳቸው። ከሰሉን አስቀመጡ።

“አየሽ፣ አሁን ዋሸሽኝ” አሉ። አልተቆጡም። “እባክሽ ክርክሩን አትተዪኝ። አንቺ እሺ ካልሽኝ ያ አገር የለም ማለት ነው።”

ከዚያ በኋላ ዳግመኛ እሺ ብያቸው አላውቅም። እግራቸው ሲከዳቸውም፣ አንደበታቸው ሲተሳሰርም ተከራከርን። በመጨረሻ ሆስፒታል ገብተው ስጠይቃቸው መናገር አቅቷቸው ነበር። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ዳዊት ይደግማል። ጋሽ መርሻ አወቁኝ። በሌባ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብለው አንድ ጠመዝማዛ መስመር ሳሉ፤ ከግራ ጀመሩት። እኔም ጣቴን አስቀምጬ ከቀኝ ሳልኩላቸው። ከንፈራቸው ዳር ትንሽ ፈገግታ መጣ፤ ራሳቸውን በእምቢታ ወዘወዙ። በዚያው ሳምንት ዐረፉ። በቀብሩ ስብከት ላይ ስለዚያ ስጦታቸው ብዙ ተባለ፤ መልካም ቃል ነው፣ ውሸትም አይደለም። እኔ ግን ከአፈሩ አጠገብ ቆሜ ስሰማው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መሰለኝ።

አሁን የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ቂርያት መናሔም ነው፤ አባቴ አርጅቷል፣ ከእኔ ጋር ነው። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በአውቶቡስ ይዤው እሄዳለሁ። ሥዕሉ አሁንም እዚያች ጸሎት ቤት ነው፤ ሴቶች ይሳለሙታል፣ ሻማ ያበራሉ፣ ስለት ያስገባሉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ እሳለማለሁ፤ ከዚያ ወደ ዳር ወጥቼ አንገቴን ወደ ትከሻዬ ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ። በአንድ ወገን ዘንበል ስል ከቀለሙ ሥር ያለው ወንዝ በቀኝ ይገባል። በሌላው ወገን ስል በግራ። እዚያ ያሉ እናቶች በተመስጦ የምጸልይ ይመስላቸዋል፤ ቦታ ይለቁልኛል።

ባለፈው ዓመት ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙ በየት በኩል እንደነበር አባቴን አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅሁት። መስኩን አንዴ ብቻ ነው ያየው፣ ያውም ግማሹ ነጭ ሆኖ። “ወንዝ ነበረው እንዴ?” አለኝ።

ነበረው። በቀኝ በኩል ነው የሚገባው፣ ከዛፎቹ ሥር። ይህን ለማንም ብናገር እሺ ይለኛል።